ጠጅ የምትጥል እናት ወይንንም ታውቃለች

በጥር ወር አዳማ ከተማ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለማገዝ ብዬ ወደ አክስቴ ቤት ስደርስ፣ እሳቸው ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥበው በወይራ እያጠኑ አገኘኋቸው። ማሩ በአንድ ወገን፣ የተወቀጠው ጌሾ በሌላ ወገን ተቀምጧል። በዚያው ዕለት የሙሽራው ታናሽ ወንድም ለሥራ ሄዶ ከነበረበት ከባቱ ሲመለስ አንድ ጠርሙስ ቀይ የወይን ጠጅ ይዞ መጣ። ጠርሙሱ ተከፈተና ለአክስቴ በብርሌ ተቀዳላቸው። እሳቸውም ብርሌውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ አሸተቱት፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ፉት ብለው ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

“በማሩ ፈንታ የወይን ፍሬ ነው አላችሁኝ፤ እሺ ይሁን። ጌሾውስ? ያለ ጌሾ ይህ አፍ የሚይዘው ነገር ከየት መጣ?” ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ።

“እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ?” አልኳቸው።

“ጋዜጠኛ አይደለሽም እንዴ? ጠይቂያ፣ ልጄ!” አሉኝና ወደ ጋናቸው ተመለሱ።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ይምሰል እንጂ፣ መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ነገር የብዙ እናቶችን ሙያ የሚነካ ሆኖ ስላየሁት ለዚህ ዓምድ አቅርቤዋለሁ።

ስሙም የጠጅ ነው

ከሁሉ አስቀድሞ ቋንቋችን ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ፈረንጆች ለወይን መጠጥ የራሱ ስም ሰጥተውታል። እኛ ግን “የወይን ጠጅ” እንለዋለን። አባቶቻችንና እናቶቻችን መጠጡን ባዩ ጊዜ የሚያውቁት ጠጅ ዘመድ መሆኑን ተረድተው ነበር ማለት ነው።

ትውውቁም የዛሬ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈውና “ፔሪፕለስ” የሚባለው የቀይ ባሕር የነጋዴዎች መመሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ከሎዶቅያና ከኢጣሊያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅ እንዳለበት ይዘረዝራል። እንግዲህ የኢጣሊያ ወይን ጠማቂዎች እጅ ሥራ ወደ አገራችን መግባት ከጀመረ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው። በቤተ ክርስቲያንም ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ከዘቢብ ስለሚዘጋጅ፣ የወይን ነገር ለካህናት ቤተሰብ እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

በሌላ ወገን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን የመጡት ኢጣሊያውያን ያለፈቃዳችን መጥተው ያለፈቃዳቸው ሲሄዱ፣ በወጥ ቤታችንና በገበያችን ውስጥ የቀሩ ቃላት አሉ። ፓስታ፣ ሳልሳ፣ ማርማላታ ስንል የምንጠራው በእነሱ ቃል ነው። በአዳማና በባቡሩ መስመር ባሉ ከተሞች የወይን ጠጅን “ቪኖ” ብሎ የሚጠራም አለ።

ከቃላት የበለጠ ግን ውሃው ነው። ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲጠናቀቅ የተሠራው ኢጣሊያ ለጦርነቱ ጥፋት ከከፈለችው የካሣ ገንዘብ ነው። ግድቡ ኤሌክትሪክ ከማመንጨቱም ሌላ የአዋሽን ውሃ ይመጥናል፤ የወንጂ ሸንኮራና ከዚያ ዝቅ ብለው ያሉት የላይኛው አዋሽ እርሻዎች በመስኖ የሚጠጡት ከዚሁ ወንዝ ነው። በአርሲ በኩል ያለው የመርቲ የወይን ተክልም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ለወረራ ካሣ ተብሎ የተገደበው ውሃ ዛሬ የወይን ሐረግ ማጠጣቱ የታሪክ ነገር ያሰኛል።

መርቲና ባቱ

በመርቲ የሚለቀመው ወይን የሚሄደው አዲስ አበባ ወዳለው የአዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ጉደር፣ አክሱሚት፣ አዋሽ ክሪስታልና ከሚላ የሚባሉት ስሞች የዚህ ፋብሪካ ውጤቶች ሲሆኑ፣ በየሠርጉና በየልደቱ ድግስ ያላያቸው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ፋብሪካው ለብዙ ዓመታት በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ባለሀብቶች ተላልፏል።

ሁለተኛው ሥፍራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በደንበል ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው የባቱ፣ በቀድሞ ስሙ የዝዋይ ከተማ ነው። ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራውን ጀምሮ በ120 ሔክታር መሬት ላይ 750 ሺህ ያህል የወይን ችግኝ አስተከለ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶችም “ሪፍት ቫሊ” እና “አካሲያ” በሚሉ ስሞች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ ወጡ። ሥፍራው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ አፈሩ አሸዋማ፣ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በመሆኑ ለወይን ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል። ከሐይቁ የሚወጡት ጉማሬዎች ተክሉን እንዳይጎዱ በማሳው ዙሪያ ቦይ መቆፈሩን ስንሰማ፣ የእኛ አገር ወይን ጠማቂ ከኢጣሊያዊው የማያውቀው ችግር ጋር እንደሚታገል እንረዳለን።

መቀስ የብርዱን ሥራ ሲሠራ

በኢጣሊያ የወይን ሐረግ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ያፈራል። በበረዶው ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ገበሬውም በዚያን ጊዜ ይገርዘዋል። በጸደይ ያቆጠቁጣል፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይለቀማል። ይህን የለቀማ ወቅት “ቬንዴሚያ” ይሉታል። እንደ መኸራችን ሁሉ ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ጊዜ ነው።

በስምጥ ሸለቆአችን ግን ወይኑን የሚያስተኛ በረዶ የለም። ሐረጉ ሁልጊዜ ነቅቶ ማደግ ይፈልጋል። ስለዚህ የብርዱን ሥራ የሚሠራው የሰው እጅና መቀስ ነው። ውሃው በመቀነሱ ሐረጉ ጥቂት እንዲያርፍ ይደረጋል፤ ከዚያም በትክክለኛው ቀን ተገርዞ ውሃ ሲለቀቅለት እንደ አዲስ ያቆጠቁጣል። በእንዲህ ዓይነት ሞቃት አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ምርት ማግኘት እስከ መቻል ይደረሳል። ዳሩ ግን ከባድ ዝናብ በሚወርድበት ወቅት ፍሬ የያዘ ሐረግ በሻጋታ በሽታ በቀላሉ ስለሚጠቃ፣ የመግረዙ ቀን ከዝናቡ ወራት ጋር ተሰልቶ መቆረጥ አለበት። አንድ ችግኝ ከተተከለ በኋላ ደህና ምርት ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ለአንድ ጠርሙስ የወይን ጠጅም ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ ፍሬ ያስፈልጋል።

በኢጣሊያ ወይን ጠማቂዎች ዘንድ የወይን ጠጅ የሚሠራው በማሳው ውስጥ ነው የሚል የቆየ እምነት አለ። መልካም ፍሬ በመጥፎ ጠማቂ እጅ ሊበላሽ ይችላል፤ የተበላሸ ፍሬን ግን የትኛውም ጠማቂ አያድነውም ማለታቸው ነው። ማር ገዝታ የምታውቅ እናት ይህን አባባል ሳይተረጎምላት ትረዳዋለች።

ጌሾው የት አለ?

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ።

ጠጅ ሲጣል በተለመደው ልክ አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ውሃ ይበረዛል። በአየሩና በማሩ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ እርሾዎች ስኳሩን እየበሉ ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጡታል። “ጠጁ ፈላ” የምንለው ይህ ጋዝ እየተንተከተከ ሲወጣ ነው። በወይን ጠጅም የሚሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ ውሃውም ስኳሩም በፍሬው ውስጥ አብረው መኖራቸው፣ እርሾውም ከማሳው ጀምሮ በፍሬው ላይ መገኘቱ ነው። በዛሬ ዘመን ብዙ ፋብሪካዎች የተመረጠ እርሾ ይጨምሩበታል።

ጌሾ የጠጁን ጣፋጭነት በምሬቱ ይገታል፤ ጠረኑንና ጣዕሙንም ይሰጠዋል። በቀይ የወይን ጠጅ ውስጥ የዚህን ሥራ የሚሠራው የፍሬው ቆዳና ዘሩ ነው። አፍን የሚይዘውና የሚያኮማትረው ነገር፣ በጠንካራ ሻይ ውስጥም የሚገኘው፣ ታኒን የሚባለው ነው። ቀይ ቀለሙም የሚወጣው ከዚያው ከቆዳው ነው። አብዛኛው ጥቁር ወይን ሲጨመቅ ጭማቂው ነጣ ያለ ነው። ቀይ የሚሆነው ጭማቂው ከቆዳው ጋር አብሮ ሲፈላ ብቻ ነው። ነጭ የወይን ጠጅ ሲፈለግ ግን ቆዳው ቶሎ ይለያል። ስለዚህም ነጩ ብዙም አፍ አይዝም።

በዚህ አያበቃም። አክስቴ ብርዙን በጣታቸው ነክተው ቀምሰው “ማሩ አንሷል” ወይም “ይበቃዋል” ይላሉ። የወይን ባለሙያው ደግሞ ከማሳው አንድ ፍሬ ቆርጦ ጠብታውን በትንሽ መነጽር መሰል መሣሪያ ላይ በማድረግ የስኳሩን መጠን ያነባል፤ የለቀማውም ቀን የሚቆረጠው በዚህ ንባብና በምላሱ ነው። አክስቴ ጋኑን በወይራ ጢስ ያጥናሉ። የአውሮፓ ጠማቂዎች ደግሞ ባዶውን የእንጨት በርሜል በድኝ ጢስ የማጠን የቆየ ልማድ አላቸው። የሁለቱም ዓላማ መጠጡን የሚያሾመጥጠውን ጀርም ከዕቃው ማራቅ ነው። አክስቴ በጨርቅ ያጠላሉ፤ ፋብሪካው በማጥለያ መሣሪያ። አክስቴ ጋኑን አፉን አስረው ከሙቀት ያርቁታል፤ ፋብሪካው በማቀዝቀዣ ታንከር።

እንግዲህ አንዱ ሥራ በትምህርት ቤት ተጽፎ ደመወዝና ማዕረግ ሲያስገኝ፣ ሌላው ከእናት ወደ ልጅ በአፍ ተላልፎ “የሴት ሙያ” ብቻ ተብሎ ቀርቷል። የሥራው ጠባይ ግን አንድ ነው።

ከለቃሚነት ወደ ወሳኝነት

ወይን ለስላሳ እጅ ይፈልጋል። መግረዝ፣ ሐረጉን ከሽቦ ጋር ማሰር፣ ትርፍ ቅጠል መቀነስ፣ ዘለላውን ሳይጨፈልቁ መቁረጥ፣ የሻገተውን ከደህናው መለየት፣ ሁሉም በእጅ የሚሠራና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በወይኑ፣ በአበባውና በአትክልቱ እርሻ ብዙ ሴቶች የሚሠሩትም ለዚህ ነው።

በኢጣሊያም ነገሩ ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበር። ሴቶች ይለቅማሉ፤ ወንዶች ይጠምቃሉ፣ ይሸጣሉ፣ ይፈርማሉ። በእርሻው፣ በጠመቃው፣ በሽያጩና በጽሑፉ የተሰማሩ ኢጣሊያውያት እ.ኤ.አ. በ1988 “የወይን ሴቶች” የሚል ትርጉም ያለው ማኅበር አቋቁመው፣ ሴት በዚህ ሙያ ውስጥ ባለቤትና ወሳኝ መሆኗን ሲያሳዩ ቆይተዋል።

ለእኛ እህቶች ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚያስፈልገው መብት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይፈቅዳል። በወይን ማሳ ሻጋታን ለመከላከል ድኝና መዳብ ያለባቸው መድኃኒቶች፣ አንዳንዴም ከእነዚህ የበረቱ ኬሚካሎች ይረጫሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከርጭቱም፣ ገና ካልደረቀው ማሳም መራቅ ይገባታል። በመድኃኒት የራሰ የሥራ ልብስም ከሕፃናት ልብስ ጋር አብሮ መታጠብ የለበትም። ይህ የአንድ ቤተሰብ ጤና ነገር ነው።

የታማኝነት ነገር

በኢጣሊያ የወይን ታሪክ ውስጥ ጠማቂዎቹ ራሳቸው በሐዘን የሚያስታውሱት አንድ ዓመት አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 አንዳንድ ስግብግብ ነጋዴዎች የረከሰ የወይን ጠጅን ብርታት ለመጨመር ሜታኖል የሚባለውን መርዛም አልኮል ቀላቅለው ሸጡ። ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎችም ዓይናቸው ጠፋ። ጥቂቶች ባጠፉት ጥፋት የመላ አገሪቱ የወይን ጠጅ በውጭ ገበያ ታማኝነት አጣ፤ ሽያጩም በእጅጉ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ቁጥጥሩ ጠበቀ፤ ብዙ ጠማቂዎችም ከብዛት ይልቅ ጥራትን መምረጥ ጀመሩ።

ይህ ታሪክ ለእኛም ትምህርት አለው። ማር ሲወደድ ጠጁን በስኳርና በቀለም የሚሠሩ መኖራቸው የተሰወረ አይደለም። በስኳር የተጣለ ጠጅ እንደ ሜታኖል ሰው አይገድልም። ሆኖም ገዢን ማታለል ነው፤ የእውነተኛዋን ጠጅ ጣይ ገበያም ይዘጋል። የት እንደወጣ ያልታወቀ አረቄ ደግሞ በሜታኖል ሊበከል ስለሚችል የከፋ አደጋ አለበት። ከጠጡ በኋላ ዓይን ከፈዘዘ፣ ማስመለስና ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ “ስካር ነው፣ ይተኛ” ብሎ መተው አይገባም። ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

በማዕድ ዙሪያ

ስለ መጠጥ ጽፎ ስለ ጉዳቱ ዝም ማለት ደግሞ ለእናቶች የሚቀርብ ጽሑፍ አይሆንም። የወይን ጠጅ በመቶ ከ11 እስከ 14 የሚደርስ አልኮል አለበት፤ ይህም ከቢራ በእጥፍና ከዚያ በላይ መሆኑ ነው። “ቀይ ወይን ደም ይሆናል” እየተባለ ለአራስና ለነፍሰ ጡር የሚሰጥበት ቤት ካለ ይተው። ቀለሙ ቀይ ስለሆነ ደም አይተካም። ደም ለሚያንሳት እናት የሚጠቅማት ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋና ሐኪም የሚያዝላት የብረት ክኒን ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚጠጣ አልኮል ወደ ፅንሱ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል።

በሠርግና በበዓል ደግሞ የወይን ጠጅን ከኮካ ኮላ ጋር ቀላቅሎ መጠጣት የተለመደ ነው። ጣፋጩ የአልኮሉን ጉልበት ስለሚሸፍን ወጣቶች ሳያውቁት ይበዛባቸዋል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። በድግስ ቤትም ይህንኑ ሥርዓት ማስከበር የወላጆች ድርሻ ነው። ብርዝ ለልጆች መሥራትን እናቶቻችን ያስተማሩን ያለ ምክንያት አልነበረም።

“ቆዳው ነዋ!”

በሠርጉ ዋዜማ አዳማ ተመልሼ የጠየቅሁትን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኳቸው። ጠጁ ጠርቶ ሊቀዳ ተዘጋጅቷል።

“ቆዳው ነዋ!” ብለው ሳቁ። “እኔስ ምን ያሉት ቅመም ጨመሩበት ብዬ ነበር። እንግዲያውማ ሥራው የኛው ነው።”

አጠገባችን ሽንኩርት ስትከትፍ የነበረችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ የልጅ ልጃቸው፣ “እማማ፣ ይህን ሥራ የት ነው የሚማሩት?” ብላ ጠየቀች። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የምግብ ሳይንስ፣ የኬሚስትሪና የአትክልትና ፍራፍሬ ትምህርት እንደሚሰጥ፣ በቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከልም በወይን ዝርያዎች ላይ ምርምር ሲያደርግ መቆየቱን ነገርኳት። በባቱና በመርቲ ማሳዎች ፍሬውን ከሚለቅሙት እናቶች ልጆች መካከል ነገ የለቀማውን ቀን የሚወስኑ መውጣት አለባቸው። ለዚህ የሚያስፈልገው ትምህርት እንጂ አዲስ እጅ አይደለም።

ልጅቷ ግን ዩኒቨርሲቲውን አልጠበቀችም። እጇን አጥባ ደብተር አመጣችና፣ “ማሩ ስንት ኪሎ፣ ውሃው ስንት ሊትር፣ ጌሾው መቼ ይገባል?” እያለች መጠየቅ ጀመረች። አክስቴ መጀመሪያ “በእጄ ነው እንጂ በሊትር አላውቀውም” አሏት። ቆይተው ግን የውሃ ጣሳቸውን አስመጥተው መለካት ጀመሩ። ጠጅ ሲጥሉ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ሙያቸው በጽሑፍ ሲሰፍር ያን ምሽት የመጀመሪያው ነበር።